ለእማዬ በረንዳ የመረጥኩት ጥላ

ከጎረቤታችን ጋር የተባባልነውን ቃል በቃል ላላስታውሰው እችላለሁ። እማዬ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስላልቻለች፣ ጠዋት ጠዋት በረንዳችን ላይ ተቀምጣ የመድኃኔዓለምን ጉልላት እያየች ትሳለማለች። ከሰዓት ግን ፀሐዩ ያቃጥላታል። የቆርቆሮ ጥላ ላሠራላት ደጋግሜ ስለካ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ አዩኝ።

«አንተ፣ በቆርቆሮ ጋርደህ ከመድኃኔዓለም ልትለያት ነው እንዴ?» አሉኝ እየሳቁ።

«ኧረ እኔ ለፀሐዩ ብዬ ነው።»

«እሱማ ከሰዓት ነው። የሚጠቀለል ሸራ ግጠምላት፤ ጠዋት ሰብስብላት፣ ከሰዓት ዘርጋላት።»

ሜትሬን እንደያዝኩ ደነገጥኩ። ሁሉን ስለካ እማዬ ወዴት እንደምታይ አላሰብኩም ነበር። እትዬ አስካለን እግዜር ይስጥልኝ። ሸራው ከተገጠመ በኋላ፣ እማዬ ሳታየኝ ወንበሯ ላይ ተቀምጬ አረጋገጥኩ፤ ሲጠቀለል ጉልላቱ እስከ መስቀሉ ይታያል።