ከቀዮቹ አጥቂ ስጦታ ይወሰዳል ወይ?

በእኛ የሰሜን እንግሊዝ ከተማ ሁለት የእግር ኳስ ክለቦች አሉ፤ ሰው ሲወለድ ወይ ቀይ ነው ወይ ሰማያዊ። እኔ ሰማያዊ ነኝ፤ ስለዚህ ለቀዮቹ አዳላ የሚለኝ አይኖርም።

በጥቅምት አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና አውቶቡስ ፌርማታው ጥላ ሥር ገባሁ። እዚያ የሰፈራችን አረጋውያን ማኅበር ሊቀ መንበር ዎልተር ክሌግ ከእህቱ ልጅ ከብሪዮኒ ጋር ሲሟገት አገኘሁት። እሱ በብረት ፋብሪካ ያረጀ ሰው ነው፤ እሷ በዓይን ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት። የማኅበሩ ሚኒባስ ሞተሩ ነክሶ ከቆመ ቆይቷል። የቀዮቹ አጥቂ ኮንራድ ኦሴይ ይህን ሰምቶ አዲስ ልግዛላችሁ ብሎ ልኳል፤ ዎልተር ግን እምቢ ብሏል።

«መምህር፣ እንኳን መጡ! ይፍረዱን» አለችኝ ብሪዮኒ።

«ምን ፍርድ ያስፈልገዋል?» አለ ዎልተር። «በመጨረሻው ደቂቃ አግብቶ ከሊጉ ያወረደን እሱ አይደለም? አሁን በሱ መኪና ልንሳፈር? በእግሬ እሄዳለሁ!»

«እርስዎማ እግር አለዎት፣ አጎቴ። ዊኒስ?»

ዎልተር ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ጎተተ። ዊኒ ጎረቤቱ ናት፤ ሰማንያ ያለፋት መበለት። በየወሩ ዓይኗን መርፌ ካልተወጋች ማየቷ እየጠፋ ይሄዳል። ክሊኒኩ ለመድረስ አውቶቡስ መቀየር አለባት፤ የአውቶቡሱን ቁጥር ደግሞ ማንበብ አትችልም። ሚኒባሱ ከቆመ ወዲህ ቀጠሮ እያለፋት ነው።

«እነዚህ ኳስ ተጫዋች ልጆች የሚሰጡት ፎቶ ለመነሣት ነው» አለ ዎልተር።

«ቢነሣስ? ፎቶ ስለተነሣ መኪናው አልሄድም ይላል?»

«አትቀልጂ! እኛ ፋብሪካ ሳለን ሰው ሲታመም ከደመወዛችን እናዋጣ ነበር። የማንንም ፊት አናይም ነበር። ዛሬ በእርጅናዬ የአንድ ሀብታም ልጅ እጅ ልይ? እኔን የሚያመኝ ይሄ ነው።»

የቀይና የሰማያዊው ነገር ሽፋን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። የዎልተር ቁስል ኩራቱ ነው።

ብሪዮኒ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጁም የሚያደርገው ያንኑ ነው፣ አጎቴ» አለችው። «እሱም ከደመወዙ ነው የሚያዋጣው። የሱ በዛ እንጂ መዋጮ መዋጮ ነው። ያደገውም እዚሁ ጀርባችን ነው፤ ለምን ከመዋጮው ያስወጡታል? ደግሞስ ደመወዙ ከየት መጣ? ለደርቢ ጨዋታ ሜዳቸው ከፍለው ይገቡ አልነበር? የእርስዎም ገንዘብ አለበት።»

«በገዛ ገንዘቤ ነዋ ያገባብኝ!» አለ ዎልተር። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ዝናቡ ሲያባራ ሦስታችንም ወደ ዊኒ ቤት ሄድን። ሰማያዊ ስካርፏን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ ሻይዋን በዳሰሳ እየቀዳች የሁለቱንም ክርክር እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ያ ልጅ አስለቅሶኛል፤ እውነት ነው» አለች። «ግን ዎልተር፣ ኩራቱ ያንተ ነው፤ የሚጠፋው የኔ ዓይን ነው። እኔን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ዎልተር ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ ሲያሽከረክር ቆየ። «አልጠየቅኩሽም፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «እሺ፣ ይግዛ። ነዳጁን ግን እኛ እንሸፍናለን።»

እንዲህም ሆነ። ልጁ መኪናውን ገዛ፤ የሰማያዊዎቹ ደጋፊዎች በየጨዋታው ለነዳጅ ያዋጣሉ። ዛሬ ሚኒባሱ በሽተኛውን ሐኪም ዘንድ ያደርሳል፤ ቤቱን ዘግቶ ብቻውን የሚበላውን ወደ ማኅበሩ ምሳ ያመጣል። ብዙ ያለው ብዙ ሲሰጥና ትንሽ ያለው ትንሽ ሲጨምርበት ለማኝም ጌታም እንደማይኖር በሰፈራችን አይተናል። ከዊኒ ዓይን የጠፋው ብርሃን አልተመለሰም፤ ሐኪሞቹ የተረፈውን አቆይተውላታል። ለዚህም ከልቤ ደስ ይለኛል።

ኮንራድ ቁልፉን ለማስረከብ በመጣ ዕለት ዊኒ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አስጠግታ አየችው።

«ዎልተር፣ ና እይ!» አለች። «ይሄ እኮ ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ልጅ ነው።»

ዓመቱን ሙሉ በየሜዳው ስንሰድበው የከረምነው ያንን ልጅ ነበር። ዎልተር አጠገቡ መጥቶ የሚኒባሱን የፊት በር ከፈተለት።

«ግባ፣ ልጄ» አለው። «ከኔ ጋር ተቀመጥ።»