ከአንድ እናት፣ በሁለት ፓስፖርት

የምስክሩ መጠሪያ፦ በሥራ ቦታው «ባለ መነጽሩ» (ሙሉ ስሙ በመዝገቡ ተይዟል)
ዕድሜ፦ 34
ሥራ፦ የላውንደሪ ፈረቃ ኃላፊ
አድራሻ፦ ከላውንደሪው ጀርባ፣ የሠራተኞች መኖሪያ፣ 2ኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ፣ በወሩ 14ኛ ቀን፣ ከጠዋቱ 4፡20

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር ማንም ሳይጠራኝ ወደ ጣቢያው መጥቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ በሥራ ተቆጣጣሪዎች የተያዘችው ልብስ አጣቢ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን አንድ ስትሆን አባቶቻችን የሁለት አገር ሰዎች ናቸው። እኔ የአባቴን ዜግነት ስለያዝኩ እዚህ ለመሥራት ፈቃድ አያስፈልገኝም። የእሷ አገር ዜጎች ግን በየዓመቱ የሚታደስ ፈቃድ ማውጣት አለባቸው፤ በፈቃዱ ላይ ከተጻፈው ሥራም ውልፍት ማለት አይችሉም። የእሷ ፈቃድ «የቤት ሠራተኛ» የሚል ነበር። ወደ ልብስ አጠባ እንዲዛወርላት አመልክታ፣ እስኪወሰን ድረስ በላውንደሪው መሥራት እንደምትችል የሚገልጽ ማረጋገጫ ተሰጥቷታል። ወረቀቱ እንዳይረጥብባት እኔ ዘንድ አስቀምጣዋለች።

እህቴ መሆኗን በሥራ ቦታ ለማንም አልተናገርኩም። ሠራተኞቹ በእሷ አገር ሰዎች ሲቀልዱ አብሬ እስቅ ነበር፤ አንዳንዱን ቀልድ ያመጣሁትም እኔው ነኝ። ለእሷም «ሰው ፊት አታናግሪኝ» ብያት እሺ ብላኝ ነበር።

በተጠቀሰው ቀን ከረፋዱ 5፡00 ገደማ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ገብተው ወረቀቷን ጠየቋት። የአገሩን ቋንቋ በቅጡ ስለማትችል ወደ እኔ ዞራ በእናታችን ቋንቋ፣ «ማሙሽዬ፣ ወረቀቱ አንተ ጋ ነው በላቸው» አለችኝ። ማሙሽ እናታችን ሞታ እሷ አዝላ ስታሳድገኝ ያወጣችልኝ ስም ነው። ሠራተኞቹ ሁሉ ሥራቸውን አቁመው ያዩኝ ነበር። ተቆጣጣሪው «ምን አለችህ? ታውቃታለህ እንዴ?» ሲለኝ፣ «ቋንቋዋን አልሰማም፤ እዚህ ከመሥራቷ በቀር አላውቃትም» ብዬ መለስኩ። እህቴ እጇን በሽርጧ አድርቃ አብራቸው ወጣች።

ማረጋገጫው ከአልጋዬ ሥር ባለው ሻንጣ ውስጥ ነበር፤ ሄዶ ለማምጣት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ስድስት ቀን አቆየሁት። ፈርቼ ነው እንዳልል፣ በዜግነቴ የሚመጣብኝ ነገር አልነበረም። የእነሱ ወገን ነው እንዳልባል ብቻ ነው።

ትናንት ልብስ ተኳሿ ሴትዮ፣ «ቅያሪ ልብስ ላደርስላት ሄጄ ነበር፤ ወደ አገሯ ሊመልሷት ነው አሉ። የአንተን ጤና ጠየቀችኝ። ምንህ ናት?» አለችኝ። «እህቴ ናት» አልኳት። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሴትዮዋ ወደ ካውያዋ ዞረች።

ዛሬ ጠዋት ከልብስ ተኳሿ ጋር መጥቼ ማረጋገጫውን ለመርማሪው አስረከብኩ። መርማሪውም ትክክለኛነቱን አጣርቶ በዋስ እንደምትለቀቅ ከገለጸልኝ በኋላ እህቴን አስጠራት። «እትዬ፣ በድዬሻለሁ» አልኳት። «ከሳህ» አለችኝ። መርማሪው የቅርብ ዘመድ ወይም የሚያውቃት ሰው ዋስ ሆኖ እንዲፈርም ሲጠይቅ እስክሪብቶውን አነሳሁ። እህቴም ተኳሿን እያሳየች፣ «እሷ ትፈርምልኝ» አለች። መርማሪው ምን እንዳለች ጠየቀኝ። ያለችውን ምንም ሳላስቀር ተረጎምኩለት፤ እስክሪብቶውንም ለተኳሿ አቀበልኳት።

ይህ ቃል ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ለራሴ እንዲያመቸኝ ያሳመርኩት እንደሌለና እውነት መሆኑን በምስክርነት ፈርሜ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ____________