ገጽ 61 ላይ ስላልተገኙት አቶ ፈንታሁን

የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ አቶ ጋሹ አልታዬ ኪዳን
ዕድሜ፦ 78
ሥራ፦ አርሶ አደር
አድራሻ፦ መካነ ሰላም ከተማ
ቀንና ሰዓት፦ ሰኞ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡20
ጉዳዩ፦ ከመጽሔት ገጽ አጥፍታለች ተብላ ስለተያዘችው ወ/ሪት የትምወርቅ ዋለ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር መጥቼ የሚከተለውን አስረድቻለሁ። የሰፈራችን ትምህርት ቤት ሃምሳኛ ዓመቱን ሲያከብር የመጽሔት ኮሚቴው ሰብሳቢ ነበርኩ። ጽሑፉን በኮምፒውተር የጻፈችው ገበያው አጠገብ የጽሕፈት ሱቅ ያላት የትምወርቅ ናት። ግንቦት 20 ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቋ ሄጄ ማውጫውን ጨርሺ ብዬ አጣደፍኳት። እሷም፣ "አባባ፣ ማውጫ በመጨረሻ ነው የሚቆጠር። ቁጥሩን በእጄ ከጻፍኩት በኋላ ገጽ ቢጨመር ሁሉም ይዛባል። ሁለት ቀን ይስጡኝና ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲቆጥረው ላድርግ" አለችኝ። እኔ ግን "አንቺ ልጅ፣ እስከ መቶ አርባ መቁጠር አቃተሽ? አብሽሪ፣ እኔ እቆጥርልሻለሁ" ብዬ ቀለድኩባት። እኔ እየቆጠርኩ፣ እሷ ከርእሱ እስከ ገጽ ቁጥሩ ነጥብ እየደረደረች ጻፈችው።

ግንቦት 22 ቀን ጠዋት የርእሰ መምህሩ መልእክት ሁለት ገጽ፣ የወላጆች ኮሚቴ መልእክት ሁለት ገጽ ከፊት ተጨመረ። ሰብሳቢው ከማን ያንሳል ተብሎም የእኔ መልእክት ከነፎቶዬ ሁለት ገጽ ገባ። ከማን ያንሳል ያልኩትም እኔው ነኝ። ልጅቱ ማውጫውን ላስተካክል ስትል፣ ወደ ማተሚያ ቤት የምሄድበት የደሴው መኪና ሊነሣ ነው ብዬ ፍላሹን ነቅዬ ሄድኩ።

ትላንት እሁድ፣ የጰራቅሊጦስ ዕለት፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ መጽሔቱ በትምህርት ቤቱ ግቢ ታደለ። የትምህርት ቤቱን መሬት የሰጡት ሟቹ አቶ ፈንታሁን ናቸው። ማውጫው ታሪካቸው ገጽ 61 ላይ ነው ይላል። ልጃቸው በፍቃዱ ገጽ 61ን ቢገልጥ ያገኘው የመጸዳጃ ቤት ግንባታ ሪፖርት ነው። "አባቴን ሽንት ቤት አደረጋችሁት!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ፤ ሳቁ አባሰው። "የአባቴ ስጦታ እንዲረሳ ገጹን ያጠፋች እሷ ናት" ብሎ በሕዝብ ፊት ክንዷን ይዞ እየጎተተ ወደ ፖሊስ ጣቢያ አመጣት።

በዚህ እጅግ ተቆጥቻለሁ። ሰው የሰውን ልጅ ጥፋተኛ ከማለቱ በፊት ሦስት ቅጠል መግለጥ ያቅተዋል? ስድስት ገጽ ከፊት ስለገባ አባቱ ገጽ 67 ላይ ከነበቅሏቸው ተቀምጠዋል። ይህንንም ቃሌን ለተቀበለችው ሳጅን ገልጬ አሳይቻለሁ። በፍቃዱ የእርሻ ድንበር በስንዝር የሚለካ ሰው ነው፤ ወረቀት ሲሆን ግን ትዕግሥቱ የት እንደሚገባ አላውቅም።

ትላንት ለምን ዝም አሉ ተብዬ ተጠይቄአለሁ። ነገሩ ወዲያው ገብቶኝ ነበር። ሕዝቡ ፊቱን ወደ እኔ ፎቶ እንዳያዞር አፍሬ ዝም አልኩ፤ በእኔ ዝምታ ልጅቱ ጣቢያ አደረች። ያስቸኮልኳትም ገጹን የጨመርኩትም እኔ ነኝ። በፍቃዱ ባዋረዳት ሕዝብ ፊት ይቅርታ ይጠይቃት፤ እኔም ከጎኑ ቆሜ እጠይቃታለሁ።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ሁሉም ያየሁትና ያደረግሁት ነው፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እጠየቅበታለሁ። ልጅቱ እስክትለቀቅ ከጣቢያው በር ስለማልነሣ፣ ለጊዜው የምፈለግበት አድራሻ እዚያው መሆኑ ይመዝገብልኝ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ጋሹ አልታዬ
ቃሉን የተቀበለችው፦ ሳጅን ሐረግ በእውቀቱ፣ ፊርማ