የጋሽ ደበላ ምርቃት

ይኸውላችሁ፣ በጃንሆይ ጊዜ አቃቂ አንድ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ፈትል ክፍል እሠራ ነበር። አንድ ቀን ከኢንዶኔዥያ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ማሽን ስንወለውል አረፈድን። መነጽር ያደረገ፣ ትሑት ሰውዬ ከአስተርጓሚ ጋር መጣ። ክሩን በጣቱ ዳሰሰና፣ «አገራችን ገና ናት። ጎማ ከዛፍ አልበን እንሸጣለን፤ ልብሱን ከሰው እንገዛለን። ወደፊት እናንተ የደረሳችሁበት ብንደርስ ምኞታችን ነው» አለ። አንጀታችንን በላው። የክፍላችን ሽማግሌ ጋሽ ደበላ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ መዳፋቸውን ዘረጉና፣ «አይዞህ ልጄ፣ እግዜር እንደኛ ያድርጋችሁ!» ብለው መረቁት። ሁላችንም «አሜን» አልን። ሲተረጎምለት እሱም እጁን ዘርግቶ «አሚን» አለ።

ባለፈው ሰሞን ሸሚዝ ልገዛ ፋብሪካው ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ገባሁ። የፋብሪካው በር ከተዘጋ ቆይቷል፤ መቆለፊያውም ዝጓል። ባለሱቁ፣ «ይሄን ይውሰዱ አባባ፣ የኢንዶኔዥያ ነው፤ ቶሎ አያልቅም» አለኝ። አንገትጌውን ገልብጬ ስፌቱን አየሁት፤ እንከን የለውም። ለብሼው ወጣሁ። ጋሽ ደበላን ነፍሳቸውን ይማር፤ ደግ ሰው ነበሩ። ደግነቱ፣ ምርቃታቸው አልደረሰም።