በፍርሃት ቀን የተጠራ ዋጋ

በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ማለቂያ ላይ ጦርነቱ ተመልሶ ስለመጣ የወልድያ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ቤቱን ዘግቶ ወጣ። ወደ ደሴ በሚወርደው መንገድ መኪናው ሁሉ ፍራሽና ጄሪካን ተሸክሞ ይሄድ ነበር። እኔም መርሳ ላይ ወርጄ፣ ቀድማኝ ከልጆቿ ጋር የወጣችውን የወንድሜን ሚስት አስካለን ሳፈላልግ፣ እህል ተራው አጠገብ ከአቶ በላይ ጋር ተገናኘን።

አቶ በላይ የመርሳ እህል ነጋዴ ናቸው። ለአስካለም የእናቷ ወንድም ናቸውና ከእነልጆቿ ያስጠጓት እሳቸው ነበሩ። ከጎናቸው ልጃቸው ብርቱካን ቆማለች። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ጦርነቱ ሁለት ጊዜ ከትምህርቷ ያፈናቀላት ልጅ ናት።

«ፀጋይ፣ እግዜር ነው ያመጣህ» አሉኝ እጄን ጨብጠው። «ከባል ወገን አንድ ሰው ስንፈልግ ነበር።»

«ለምን ጉዳይ ነው ጋሽ በላይ?»

«የአስካለን የወልድያ ቤት ልገዛት ነው። ትናንት ተነጋግረን ጨርሰናል። አንተ ምስክር ሆነህ ትፈርማለህ።»

ወንድሜ ሓድጉ አናጺ ነበር። ያን ቤት ከመሠረቱ ጀምሮ ያቆመው፣ በርና መስኮቱን ሠርቶ የገጠመው፣ በመንገዱ በኩል ሁለት ሱቅ ያወጣለት እሱ ነው። የሞተው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ክረምት፣ ጦርነቱ መጀመሪያ ወልድያ ሲደርስ ነው። መጀመሪያ የወደቀው ከባድ መሣሪያ የጎረቤታችንን የአልማዝን በር ገነጠለው፤ ሓድጉ መዶሻውን ይዞ በሩን ሊጠግን ሄደ፤ ሁለተኛው እዚያው አገኘው። የሙት ዓመቱን ጸሎት ሳናደርስ ነው ከተማውን ለቀን የወጣነው። እኔ ደግሞ መንገድ ላይ ቆሜ የቤቱን ሽያጭ እንድፈርም ተጠየቅሁ።

ዋጋውን ጠየቅኋቸውና ነገሩኝ። የሁለቱን ሱቅ በርና ቆርቆሮ እንኳ የማይገዛ ዋጋ ነበር።

«እሷስ ምን አለች?» አልኩ።

«‹አንቱ ያሉት ይሁን› አለች። ጨዋ ልጅ ናት።»

እዚህ ላይ ስለ ወጋችን ጥቂት ልናገር። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ፣ ይልቁንም ባሏ የሞተባት፣ በአጎቷ ፊት ዋጋ አትጠራም። ነውር ነው። ዋጋውን ለሽማግሌው ትተዋለች፤ ሽማግሌውም አምናዋለችና ጨምሮ ይሰጣል ተብሎ ይታሰባል። ወጉ ሲጀመር ለደግ ሳይሆን አልቀረም። አሁን ግን ገዥውም አጎቷ፣ ዋጋ ጠሪውም አጎቷ ሆኑና ለእሷ የቀረላት ማመስገን ብቻ ነበር።  ከእኔ ቀድማ የተናገረችው ብርቱካን ናት።

«አባዬ፣ እኔ ይህን ነገር ግዢ አልለውም።»

«አንቺ ደግሞ ምን ልትይው ነው?»

«ስም አላወጣሁለትም። ግን ቤቱን ሄደው አይተውታል? ግንበኛ ወይም አናጺ ገምቶታል?»

«ወልድያ ማን ይገባል ዛሬ? መድፍ እየጮኸ ግንበኛ ይዤ ልዙር?»

«እንግዲያው ዋጋውን በምን አወቁት?»

«በገበያው ነዋ። ገበያ ወርዷል። ሰዉ እየሸሸ ነው። ነገ ቤቱ ቢቃጠል የምከስረው እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽ።»

«አንቱ እንደሚቃጠል ቢያምኑ ኖሮ ሰባራ ሳንቲም አያወጡበትም ነበር» አለች። «እንደሚተርፍ ስላወቁ ነው የቸኮሉት።»

አቶ በላይ ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ። «ዩኒቨርሲቲ ገብታ ያመጣችው ይህን ነው። ምላስ።» ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ፀጋይ፣ አንተ ሰው ነህ፣ ይገባሃል። ቤቱ የተጻፈው በሓድጉ ስም ነው። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ስም ያለበትን ቤት ማን ደፍሮ ይገዛል? እኔ ዘመድ ስለሆንኩ ነው።»

ሓድጉ ወልድያ ተወልዶ ወልድያ ያደገ ሰው ነው። አያታችን ከትግራይ ለንግድ መጥቶ እዚያው ቀረ። የግማሹን ሰፈር በር ወንድሜ ሲሠራ ስሙን የጠየቀው አልነበረም። የገደለውም መሣሪያ አልጠየቀውም። አሁን ግን ከሞተም በኋላ በስሙ ዋጋ ይቀነሳል።

«ጋሽ በላይ» አልኩ፣ «ወንድሜ የሞተው የአልማዝን በር ሊጠግን ሄዶ ነው። ቤቱን የሚያረክሰው ስሙ ከሆነ እኔ አልፈርምም።»

«ተቆጣህ?»

«አዎ፣ ተቆጥቻለሁ።»

ወደ አቶ በላይ ቤት መንገድ ጀመርን። ብርቱካን ቀስ ብላ ጀመረች።

«አባዬ፣ ያ የደሴ ሰውዬ ትዝ ይልዎታል? አምና የወፍጯችን ሞተር ተነቅሎ ሲወሰድ፣ ገና ከስደት ስንመለስ የመጣው?»

«እሱን ሌባ አታንሺብኝ።»

«ምን ሰረቀ?»

«ባዶ ቤት አቅፌ ስቀመጥ አይቶ ወፍጮ ቤቱን በትቢያ ዋጋ ሊወስድ ነዋ የመጣው።»

«እሱም ገበያ ወርዷል ነበር ያለው። አንቱ ግን ውኃ እንኳ ሳያቀምሱ በሩን ዘጉበት።»

«እሱ ባዳ ነው። እኔ ግን አጎቷ ነኝ።»

«አጎቷ መሆንዎ ነው የባሰው» አለች ብርቱካን። «አንቱ በባዳው ላይ በር ዘጉ። አስካለ በማን ላይ ትዝጋ? የምታድረው አንቱ ቤት ነው።»

አቶ በላይ እርምጃቸውን ገቱ። አንድ አይሱዙ ጥሩንባውን እያጮኸ በአጠገባችን ሲያልፍ እንኳ አልተንቀሳቀሱም።

«እኔ እኮ ላስቸግራት አልነበረም» አሉ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። ግን አስጠግተዋታል፣ ያጎርሷታል፤ በዚያው ቤት ተቀምጠው ዋጋ ሲጠሩባት ምን ትበል?»

«ታዲያ እንዴት ይገዛል? አስተምሪኝ እስቲ።» የፌዝ አነጋገር ነበር፤ ግን መልሷን ጠበቁ።

«መጀመሪያ እሷ ትጥራ። ቤቱን አንቱም እሷም የምታምኑት ባለሙያ ይገምተው። ከጎኗ የራሷ ሰው ይቀመጥ፣ የገዥው ሰው ሳይሆን። የልጆቹ ውርስ በፍርድ ቤት ይጣራ። ደግሞም ዛሬ ተጠይቃ ዛሬ አትመልስ፤ ሸሽቶ የመጣ ሰው ሐሳቡ እስኪሰበሰብ ጊዜ ይሰጠው። ከዚያ በኋላ እንደ ልብዎ ይከራከሯት፣ ነውር የለውም። አሁን የተደረገው ግን ክርክር አልነበረም፤ የተናገሩት አንቱ ብቻ ነዎት።»

 ቤት ስንደርስ አስካለ በረንዳው ላይ የልጆቿን ልብስ ታጥባለች። እኔን ስታይ ተነሣች፤ ተቃቅፈን አለቀስን። አቶ በላይ እስክንጨርስ ጠበቁና በርጩማ ስበው ከፊቷ ተቀመጡ።

«አስካለ፣ ትናንት ያልኩሽን ተይው። ቤትሽን ስንት ትይዋለሽ?»

«አንቱ ያሉት ይ...»

«እኔ ገዥ ነኝ፤ እኔን አትጠይቂኝ።»

ወደ እኔ ተመለከተች። «ቤቱ የአንቺና የልጆችሽ ነው» አልኳት። አረፋውን ከእጇ ጠረገች። ከዚያ በደኅናው ዘመን እንዲያ ያለ ቤት ይሸጥበት የነበረውን ዋጋ ጠራች።

«ኧረ ትንሽ ቀንሺ እንጂ» አሉ አቶ በላይ፤ የነጋዴ አፍ አምልጧቸው ነው። ብርቱካን ሳቋን መያዝ አቃታት።

«አልቀንስም» አለች አስካለ።  «ልሸጠውም አልፈልግም አጎቴ። እሺ ያልኩት ልጆቼን ይዤ በነፃ እህልዎን መብላት አሳፍሮኝ ነው።»

አቶ በላይ አንገታቸውን ደፉ። «ለዚህ ነው?» አሉ። «ለዚህ ነው ቤትሽን የሰጠሽኝ?» «እኔ እኮ ገበያውን አይተሽ እሺ ያልሽ መስሎኝ።» ያን ቀን በፊቴ ያፈሩ ሽማግሌ አየሁ። ያም ሆኖ የነጋዴ ሐሳባቸውን አልተዉም፤ መንገዱ ሲከፈት ሁለቱን ሱቆች ለእህል ማከማቻ እንድታከራያቸው ጠየቁ። አስካለ ኪራዩንም ራሷ ጠራች።

ጥቅምት ላይ ስምምነት ተፈርሞ ተኩሱ ቆመ። አስካለ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሱቆቹ የአቶ በላይን ጤፍና ማሽላ ይዘዋል፤ ኪራዩ ልጆቹን ያስተምራል። በዚያ የሽሽት ሳምንት ቤታቸውን ለመጀመሪያው ዋጋ ጠሪ ሰጥተው፣ ዛሬ በዚያው በገዛ ሰፈራቸው ተከራይ የሆኑ ሰዎች አውቃለሁ። የገዟቸውን ሰዎች በመንገድ ሳይ አሁንም ደሜ ይፈላል። አቶ በላይ ግን ቤት ሊያስማሙ ሽማግሌ ሆነው ሲጠሩ፣ «መጀመሪያ ሻጭ ይጥራ፤ ሻጩ ገዥው ቤት የተጠጋ ከሆነ ደግሞ እኔ አልቀመጥም» ይላሉ።

ይህን የጻፍኩት ቤት ለምትገዙ ነው። መግዛት ነውር አይደለም። የፈራውን፣ የተጠጋችሁን፣ ባሏን የቀበረችውን ሴት ዝምታ እሺታ ነው ብላችሁ መዋዋል ግን ነውር ነው። የሓድጉን የሙት ዓመት ጸሎት ዘግይተን፣ ወልድያ በገዛ ቤቱ አደረስን። እንግዶቹም እሱ በሠራው በር ገብተው፣ በዚያው በር ወጡ።