ሻሂ ሐሊብና የእግሬ ነገር

በኛ ጊዜ፣ ወሕዳ ሆኖ ሰሜንና ደቡብ አንድ የመን ከተባለ በኋላ ማለቴ ነው፣ ዐደን፣ ሁጀይፍ ወደቡ ላይ ተሸካሚ ነበርኩ። ታዲያ አንድ ቀን የሳጥን ብረት ቅልጥሜን ጫረኝ፣ እኔም ናቅኳት፣ ላዩ ደረቀ፣ ውስጥ ውስጡን ለካ አጥንቴ ገብቶ መግል ይዟል! ሐኪሙ ራጁን አየና፣ «ጥዋት ማታ መርፌ ትወጋለህ፣ ለሳምንታት። ካቋረጥክ ወይ ከረገጥክበት እግሩ ይቆረጣል» አለኝ።

ሰፈራችን ደግሞ ሳሌም የሚባል ነርስ ነበር፣ ቤት ለቤት እየዞረ የሚወጋ። ወላሂ እንዴት ያለ መልከ መልካም መሰላችሁ! ሽቶው ከሱ ቀድሞ በር ያንኳኳል። እና ሲመጣ ባለቤቴ ዘይነብ ምን ትላለች? «አህላን ሳሌም፣ ደከመህ አይደል፣ ተቀመጥ በሞቴ!» ከዚያ ሻሂ ሐሊብ፣ ወተቱ የወፈረ፣ ያ ውድ ቅመም ሄሉ የበዛ፣ ለእንግዳ በምትደብቀው ብርጭቆ። ለኔስ? «አንተማ ውሃ ጠጣ፣ ለመድኃኒቱ ጥሩ ነው።» ውሃ! ቂጤን የምወጋው እኔ፣ ሻዩን የሚጠጣው እሱ!

አንተ አትሳቅ፣ ቅናት ከመርፌው ይብሳል። ታዲያ አንድ ጥዋት፣ «ሳሌም፣ ከዛሬ ወዲያ አትልፋ፣ እኔው ቤትህ እመጣለሁ» አልኩት። እና ዱላዬን ይዤ፣ በዚያ የዐደን ሙቀት፣ እያነከስኩ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ሄድኩ፣ ደግሞ ተመለስኩ፣ እግሬ እንደ ሐብሐብ አበጠ፣ በመጨረሻ እሱው ደጅ ላይ ተዘረርኩ።

«ያ አኺ፣ ወንድሜ ዑመር፣ ማን ሂድ አለህ? እግርህን አትፈልገውም እንዴ?» አለና ጀርባው ላይ ጫነኝ። እኔን! የሁጀይፍ ተሸካሚውን! ጎረቤት ሁሉ እያየ፣ አፍንጫዬ ሽቶው ውስጥ ተቀብሮ!

ቤት ስንደርስ ዘይነብ መጀመሪያ ምን አለች? «ውይ ሳሌም፣ ወገብህን!»

ታዲያ ሐኪም ቤት እግሬን ከፍተው አጥንቱን ፋቁልኝ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው እግሬ። ሳሌምም እንደገና ጥዋት ማታ፣ ሻዩም እንደገና ጥዋት ማታ።

«ዑመር! ዛሬም ይቺኑ ታወራለህ?» ሰማችኋት? ከጓዳ እኮ ነው። «ሰውየው ደክሞት እንዳይቀርብኝ ብዬ እንጂ! ለሱ መሰለህ? ለእግርህ ነው ያፈላሁት!»

ለእግሬ ነው አለች። እሺ፣ አመንኩ። ግን ዘይነብዬ፣ ለእግሬ ከሆነ ያን ሁሉ ሄል ምን አመጣው? ሃሃሃ!