ሳይዳሰስ የተቆረጠ ክንድ

ከእብናት ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ አንዲት ወጣት አዋላጅ ነርስና አንዲት አሮጊት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ስልክሽን አሁንም አሁንም የምታዪው ምን ሆነሽ ነው?»

«መልስ እየጠበቅሁ ነው፣ እማማ። ትናንት በአንዲት ሴት ክንድ ቆዳ ሥር የተቀበረ የወሊድ መከላከያ ላወጣ ቆዳዋን ከፈትሁ። ፈልጌ አጣሁት።»

«ከዚያስ?»

«ሰፍቼ ዘጋሁትና ባለሙያዎች በምንመካከርበት የቴሌግራም ቡድን ጠየቅሁ። አንዲት ሐኪም ‹ሁለተኛ እንዳትነኪው፤ ነርቭ ይጎዳል፤ ጣቷን ታንቀሳቅሳለች?› አለችኝ።»

«ታንቀሳቅሳለች?»

«ስትሄድ ልብ አላልሁም። ዛሬ ጠዋት ቤቷ ብሄድ፣ ‹ጣቴ ደነዘዘ› ብላ ባሏ ወደ ሆስፒታል ይዟት ሄዷል አሉኝ። ለዚያችው ሐኪም ይህንኑ ጻፍሁላት፤ የምጠብቀው የእሷን መልስ ነው።»

«አንቺ ምን ታደርጊ፤ አላወቅሽ።»

«‹በእጅ ዳስሳችሁ ካላገኛችሁት አትቁረጡ› የሚል መመሪያ እዚያው ቡድኑ ላይ ነበር፣ እማማ። ወር ሙሉ ስልኬ ላይ ተቀምጦ አላነበብሁትም።»

«አሁን ወዴት ነሽ?»

«ወደ ሆስፒታሉ። የት ድረስ እንደቆረጥሁ ለሐኪሞቹ ልነግራቸው።»

«ቢቆጡሽስ?»

«ይቆጡኝ። ብቻ እጇ ይዳንላት።»

እኔ ወደኋላ ሳልዞር በነጠላዬ ሥር መከላከያ የተቀበረበትን የራሴን ክንድ ዳበስሁ።